የዝሆን አዳኝ ዝግጅት፤ ጥይት፣ ኢላማና የመጀመሪያው ደም

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት (1882–1906 ዓ.ም.) ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ቆላ ለዝሆን አደን የሚወርድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሰናዳው ጠበንጃውን ነበር። በብዙ ሰው እጅ የሚገኘው ውጅግራ ነው፤ ይኸውም በ1866 ዓ.ም. የፈረንሳይ ጦር የተቀበለው፣ የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በአንድ ጊዜ አንዲት ጥይት ብቻ የሚጐርስ ነፍጥ ነው። ባሩዱ ጥቁር ስለ ሆነ፣ በተተኰሰ ጊዜ ጭሱ የተኳሹን ዓይን ይጋርዳል፤ ጥላሸቱም በአፈሙዙ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ አዳኙ ጠበንጃውን ደጋግሞ መወልወል፣ ቃታውንም መፈተን ነበረበት።

ኢላማ መለማመድ ግን ቀላል ነገር አልነበረም። በዚያ ዘመን ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ በገበያ በገንዘብ ፈንታ ይሠራበት ነበርና፣ ኢላማ አቁሞ አዘውትሮ የሚተኩስ ሰው ገንዘቡን በሜዳ መበተኑ ነው። የተተኰሰውም ቀለህ አይጣልም፤ ባሩድና እርሳስ ተሞልቶ እንደ ገና ያገለግላል። እንዲህ ያለው ጥይት ኃይሉ እኩል ስላልሆነ ከሩቅ ተማምነው የሚተኩሱት አይደለም፤ አዳኙ ወደ አውሬው መቅረብ ግድ ይሆንበታል።

ከጥይቱ ውድነት ሌላ አተኳኰሱን የወሰነ ልማድ ነበረ። ዝሆኑ የሚቈጠረው በመጨረሻ ለጣለው ሳይሆን አስቀድሞ ላደማው ነው። ፎክሮ የሚገባውና የገዳይ ምልክት የሆነውን ሎቲ በጆሮው የሚያደርገው እርሱ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰዎች በአንድነት ሲያድኑ ሁሉም ለመቅደም ይተኩሳሉ፤ የቈሰለው ዝሆን በሰው ላይ ይነሣል፤ ከአደኑም በኋላ ስለ መጀመሪያው ደም ክርክር ይሆናል።

በዚሁ ዘመን ገደማ በጎሬ በኩል አልፎ በምዕራቡ ጠረፍ ያደነው ስኮትላንዳዊው ዋልተር ቤል፣ የሚሻው የገዳይነት ማዕረግ ሳይሆን የዝሆን ጥርስ ነበርና ዝግጅቱም ሌላ ነበር። የዝሆንን ራስ ቅል በመጋዝ ሰንጥቆ የአንጐሉን ስፍራ አጠና፤ ጥይት ሳያጐርስ እያነጣጠረ ቃታ መሳብንም ዘወትር ይለማመድ ነበር። በአፍሪካ ከገደላቸው ከ1000 በላይ ዝሆኖች አብዛኞቹን የጣለው በ7 ሚሊ ሜትር ቀጭን ጥይት ነው።

እንግዲህ የተኳሽ ሙያ ከመሣሪያው ብቻ የሚገኝ አይደለም። ለቀደመ ሰው ክብር የሚሰጥ ልማድ ፈጣን እጅን አሠለጠነ፤ በጥርስ ክብደት ዋጋ የሚከፍል ገበያም የማይስት ዓይንን ፈጠረ። ለዝሆኑ ግን የሁለቱም ፍጻሜ አንድ ሆነ፤ መንጋው ተመናመነ። በ1962 ዓ.ም. በሐረርጌ ባቢሌ የዝሆን መጠለያ ሲከለል፣ ጥበቃው የተደረገው ከፈጣኑም እጅ ከማይስተውም ዓይን ለተረፉት ነበር።