የእቴጌ እሌኒ ሕንፃ

ከሳይንቷ ከተማ ከአጅባር ወደ ምዕራብ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ለተሻገረ ሰው፣ ማዶው ጎጃም እነብሴ ሳር ምድር ነው። በሳይንት በኩል ተድባበ ማርያም፣ በእነብሴ በኩል መርጡለ ማርያም። ትውፊቱ ሁለቱን ከአክሱም ጽዮንና ከጣና ቂርቆስ ጋር የኦሪት መሥዋዕት ይቀርብባቸው ከነበሩ አራት ቦታዎች ይቆጥራቸዋል። ይህን የየደብሩ ካህናት ከእኔ በተሻለ ይተርኩታል። እኔን የያዘኝ በመርጡለ ማርያም ግቢ ጣሪያውን አጥቶ የቆመው የድንጋይ ሕንፃ ነው። የማን ነው?

የዚህ ፍርስራሽ መነሻ የእቴጌ እሌኒ ሕንፃ ስለመሆኑ ብዙም ክርክር የለም። የሐድያ ባላባት ልጅ ናቸው፤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ቤት የገቡ፣ ከንጉሡ በኋላም በተነሡት ነገሥታት ዘመን ቃላቸው የሚሰማ፣ ልብነ ድንግል በ1508 እ.ኤ.አ. በልጅነቱ ሲነግሥ መንግሥቱን የያዙለት እሳቸው ነበሩ። ጎጃም ግዛታቸው ነበር። በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ፣ እቴጌይቱ በጎጃም ስላሠሩት ቤተ ክርስቲያን ከአገሩ ልጅ ከፔሮ ዳ ኮቪልያ ሰምቶ ጽፏል። የመንበሩን አሠራር ያሳየው ራሱ ኮቪልያ ነበር፤ በወርቅ የከበረ መንበር።

ከዚያ የኢማም አሕመድ ጦርነት መጣ፤ ሕንፃው ፈረሰ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት ከተቀበሉ በኋላ ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ፍርስራሹን መልሰው ገነቡት፤ ሥራውን የመራው ጣሊያናዊው ብሩኖ ብሩኒ ነበር። ዐፄ ፋሲል ሚስዮናውያኑን ካባረሩ በኋላ በኢትዮጵያ የቀረው ብሩኒ በ1640 ተገደለ።

ጭቅጭቁ እዚህ ላይ ነው። በግድግዳው ላይ የአበባ ፈርጥ ተፈልፍሏል፤ ድንጋዩ እንደ እንጨት የተገዛ ይመስላል፣ ሐረጉ ቅስቱን ተከትሎ ይዞራል። አንዳንዶች ይህን ሁሉ ለሚስዮናውያኑ ይሰጣሉ። ኖራ እንደ ማጣበቂያ የተለመደው በእነሱ ዘመን ነው፣ ቅርጹም ከህንድ የመጡ ግንበኞችን እጅ ያስታውሳል ይላሉ። ማስረጃው ቀላል አይደለም። ሆኖም ሚስዮናውያኑ ራሳቸው የመጡት ስመ ጥር ፍርስራሽ ላይ መሆኑን ጽፈዋል። ለመንበሯ ወርቅ ያልሳሳች ንግሥት ለግድግዳው ጠራቢ አጣች ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም። የግንቡ ጥገና የብሩኒ፣ የጥርቡ ዋና ክብር የእሌኒ ነው ባይ ነኝ።

ከብሩኒ ወዲህ ያለው የሕንፃው ታሪክ ስስ ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ በ1842 ጎብኝቶ በ1847 የፍርስራሹን መግለጫ አሳተመ።

ከመካነ ሰላም ዓባይን ተሻግሮ ግንደወይን የሚደርሰው መንገድ ሳይንትንና እነብሴን ያቀራርባል። ተድባበ ማርያምን ለማየት የመጣ እንግዳ መርጡለ ማርያምንም አይቶ እንዲመለስ የደቡብ ወሎና የምሥራቅ ጎጃም ባህልና ቱሪዝም መምሪያዎች አንድ የጉብኝት መስመር ቢያወጡ ጥሩ ነው፤ በፍርስራሹ በር በሚተከለው ሰሌዳም ላይ ከብሩኒ በፊት የእሌኒ ስም ይጻፍ።