ሞርፊም በአማርኛ፦ ምዕላድ

ከካርቱም ተነስቶ ዓባይን በድልድይ ወደ ሰሜን የተሻገረ ሰው ባሕሪ ይገባል። አማርኛ አንባቢ ስሙን ሲያይ ጠባይ ማለት የሆነው «ባሕርይ» ይታወሰው ይሆናል። ይህኛው ግን ዐረብኛ ነው፤ ሲፈታም «ባሕር» እና «-ኢ» ይሆናል። ባሕር ያው የእኛው ባሕር ዘመድ ነው፤ በሱዳንና በግብፅ ትልቅ ወንዝም በዚሁ ቃል ይጠራል። «-ኢ» ስትቀጠልበት «የወንዙ» የሚል ትርጉም ይይዛል፤ ሰሜን ለማለትም ያገለግላል።

እንዲህ ያለውን፣ ትርጉም ወይም ሰዋስዋዊ ተግባር ኖሮት ከዚያ በታች ቢቆረስ ምንም የማይሰጥ የቃል ክፍል እንግሊዝኛ «ሞርፊም» ይለዋል። ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. በታተመው «የአማርኛ ሰዋስው» ምዕላድ ብለውታል። ብቻውን ቃል ሆኖ የሚቆመው (ባሕር) ነጻ ምዕላድ ነው፤ መደገፊያ የሚሻው (-ኢ) ጥገኛ።

ካርቱም ላይ የእኛን ሰው «ሐበሺ» የምታሰኘውም ይህችው «-ኢ» ናት፤ ለሴት «ሐበሺያ» ይሆናል። አማርኛ ለዚህ ሥራ «-ኣዊ» አለው፦ ሱዳናዊ፣ አፍሪካዊ። እንግሊዝኛ ግን አንድ አይበቃውም። ኢትዮጵያዊውን «ኢትዮፒያን»፣ ሱዳናዊውን «ሱዳኒዝ» ይላል፤ ለፓኪስታን ሰው ደግሞ «ፓኪስታኒ» ብሎ «-ኢ»ን ራሷን ይጠቀማል። የትኛው አገር የትኛውን እንደሚወስድ በቃል ከመያዝ በቀር ብዙ መላ የለውም። ይባስ ብሎ ቅጥያው የድምፅ ጫናውን ያዛውራል፦ «ሱዳን» ሲባል ጫናው «ዳን» ላይ ነበር፤ «ሱዳኒዝ» ሲባል መጨረሻው ላይ ያርፋል።

መልክ ግን ያታልላል። «ቲቸር» ውስጥ ያለው «-ኧር» አድራጊውን ያመለክታል፤ «ሪቨር» ውስጥ ያለው ምንም አያመለክትም፤ ቢነሳ የሚቀረው «ሪቭ» ወንዝን የሚነካ ትርጉም የለውም። የእኛም «ፈረሰኛ» ፈረስን ይሰጣል፤ ከ«ዳኛ» ላይ «ኛ»ን ያነሳ ግን «ዳ»ን ይዞ ይቀራል።

አማርኛ ጸሐፊን የሚያስቸግረው ሌላ ነገር አለ፤ ፊደላችን ራሱ። የምዕላዶቹ ድንበር ብዙ ጊዜ በአንዲት ፊደል መሀል ያልፋል። «ባሕሪ» ላይ «ሪ» ግማሿ የባሕር «ር»፣ ግማሿ «-ኢ» ናት። «ቤቶች» ላይም «ቶ» የቤትን «ት» እና የ«-ኦች»ን መነሻ አንድ ላይ ይዛለች። የሰዋስው መጻሕፍት «ቤት-ኦች»፣ «ሱዳን-ኣዊ» እያሉ በሰረዝ የሚጽፉት ለዚህ ነው።