አባ ፈንጣጣ

እ.ኤ.አ. በ1520 ፈንጣጣ ከስፔን ጦር ጋር ሜክሲኮ ገብቶ አገሬውን ፈጀ፤ በ1524 ደግሞ አሥራ ሁለት የፍራንቸስኮስ መነኮሳት የተረፈውን ሕዝብ ሊያጠምቁ ደረሱ።

ከዚያው ከፍራንቸስኮስ ቤት የወጣው ካፑቺኑ ጉሊየልሞ ማሳያ፣ እኛ አቡነ ማስያስ የምንለው፣ በ1846 ለኦሮሞ ሕዝብ ሐዋርያ ሆኖ ተሾመ። ጦር አላስከተለም፤ የፈንጣጣ ክትባት ግን ይሰጥ ነበር። በ1867 የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው ፓሪስ ላይ አሳተመ። በ1868 ሸዋ ገባ፤ እኔ ከምኖርባት ከዓለም ገና እምብዛም በማትርቀው ፊንፊኔም ሚሲዮን ተከለ። በ1879 በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር ወጣ።

ሕዝቡ ያወጣለት ስም «አባ ፈንጣጣ» ነው። ቀኑን በባንክ መስኮት ገቢና ወጪ ሳመዛዝን ውዬ ማታ ይህን ስም አስባለሁ። ሚሲዮናውያንን ሁሉ በአንድ ቃል እኮንን ነበር፤ ነፍስ ፍለጋ መጥቶ ሥጋን ያዳነ ሰው ግን ፍርዴን ያዘገየዋል።