ሁለት ጊዜ የተከፈለበት ደብዳቤ

ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ፖስታ ሲያቋቁሙ ቴምብሩ የታተመው ፓሪስ ነበር። የንጉሡ መልክና የይሁዳ አንበሳ አለበት፤ ያምራል። ድንበር ግን አይሻገርም። ወደ አውሮፓ የሚጽፍ ነጋዴ የጅቡቲውን የፈረንሳይ ቴምብር ደርቦ ይለጥፍ ነበር፤ ለአንድ ደብዳቤ ሁለት ክፍያ! ይህ የቀረው አገራችን በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስትሆን ነው። ድርጅቶች ዛሬ በቴምብር ፈንታ በማሽን የሚያትሙት የክፍያ ምልክትም በውጭ አገር የሚታመነው ይኸው ኅብረት በ1913 ዓ.ም. ማድሪድ ላይ ስለተስማማበት ነው። ወረቀቱ ብቻውን ምንም አይደለም።

ጎንደር ይህን በሌላ መንገድ አይታዋለች። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲገባ የኢትዮጵያ ቴምብር ቀርቶ የቪክቶር ኢማኑኤል መልክ ያለበት መጣ። ፒያሳ ላይም ፖስታ ቤት ተሠራ። ኅዳር 1934 ዓ.ም. የመጨረሻው የጣሊያን ጦር እዚያው ጎንደር እጁን ሰጠ። የንጉሡ ቴምብር የሰብሳቢ ዕቃ ሆነ፤ ሕንፃው ግን ዛሬም ፒያሳ ላይ ቆሟል።