የመሬት ግብር ደረሰኝ
ወረቀት፣ ቀለም፣ ማኅተም። ከ1937 እስከ 1966 ዓ.ም. ባለው ጊዜ። ሆመቾ አካባቢ፣ ሀዲያ።

የ1937ቱ የመሬት ግብር አዋጅ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ለይቶ በጋሻ ያስገብር ነበር፤ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው። ባለመሬቱ ደረሰኙን ለመሬት ክርክር ማስረጃ ያስቀምጠው ነበር። ለዘር ሐረግ ፈላጊ ደግሞ ብርቅ ሰነድ ነው፤ የከፋዩ ስም እስከ አያት ከተጻፈ ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ሊያደርስ ይችላል። የልደትና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ገና በ2008 ዓ.ም. ነውና።

ጉድለቱ ግን ያሳዝናል፦ ደረሰኙ የባለመሬቱን ስም ይዞ፣ መሬቱን ያረሰውን ጭሰኛ አይጠቅስም። የጭሰኛው ሐረግ ያለው በሽማግሌዎች ቃል ነው። ጎብኚ ሆይ፣ የእርስዎን ሽማግሌዎች ዛሬውኑ ጠይቀው ይጻፉ።