ከዘጋቢው ማንነት ወደ ዜናው አመጣጥ፦ በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን ያለው አድማጭ

ስለ ኢትዮጵያ ጋዜጠኝነት የተጻፈው ጥናት በአመዛኙ በፕሬስ ሕግና በጋዜጠኞች እስር ላይ ያተኩራል፤ በዚያ የምጨምረው የለኝም። ክርክሬ ከሚዲያ ተመራማሪው ከተርየ ሼርዳል ጋር ነው። ሼርዳል እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመው መጣጥፍ በውጭ አገር ለኢትዮጵያ ድረ ገጾች የሚሠሩትን ሰዎች ጋዜጠኞች ናቸው ወይስ አክቲቪስቶች ሲል ጠየቀ። ጥያቄው አቅራቢውን ይመዝናል፤ አድማጩን ግን ይረሳል።

በኤምሬትስ የዋትስአፕ ጥሪ ቢገደብም የድምፅ መልእክት ይሠራል። በዱባይ ዴይራ ሰፈርም ሆነ በአጅማን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ብዙ ጊዜ ወሬውን የሚሰማው ምንጩ ተቆርጦ፣ በዘመድ ድምፅ ነው። ዘጋቢው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ማንነቱን መመዘን ምን ይፈይዳል?

ለምሳሌ በኅዳር 2013 ዓ.ም. የሕወሓት መሪዎች ከኤርትራዋ አሰብ የሚነሡ የኤምሬትስ ድሮኖች በትግራይ ጦርነት እየተሳተፉ ነው አሉ። የክፍት ምንጭ መርማሪው ቡድን ቤሊንግካት በዚያው ወር የሳተላይት ምስሎችን መርምሮ ድሮኖች በአሰብ የጦር ሠፈር መኖራቸውን አረጋገጠ፤ በውጊያው መሳተፋቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ግን እንዳላገኘ ጻፈ። በሼርዳል መለኪያ ከሄድን የምናውቀው ተናጋሪዎቹ የጦርነቱ ወገን መሆናቸውን ብቻ ነው። ወገንተኞች ናቸው ብሎ ሁሉን የጣለ በአሰብ የነበረውን ሐቅ ይስታል፤ ወገኖቼ ናቸው ብሎ ሁሉን የተቀበለ ደግሞ ያልታየውን እንደታየ ያወራል። መመዘን ያለበት እንግዲህ እያንዳንዱ ቃል ነው፦ ማን አየው? ከየት ሆኖ? ያላወቀውንስ አላወቅሁም ብሏል?

ሥራ ውላ የደከመች የቤት ሠራተኛ ሳተላይት አትመረምርም የሚል ይኖራል። መመርመር አይጠበቅባትም። የቤሊንግካትን ዘገባ ያስከበረው እውቀቱ የት ላይ እንዳበቃ መናገሩ ነው፤ ይህን ለመለየት ልብ ብሎ ማዳመጥ ይበቃል።

ከአንድ ጉዳይ የተነሣ ድምዳሜ ለሁሉም ዜና ላይሠራ ይችላል። ወሬን ሳይመዝኑ የማስተላለፍ ስሕተት የሚያስከፍለው ዋጋ ግን ለዚህ አድማጭ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የኤምሬትስ የሳይበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 34 በአንቀጽ 52 የሐሰት ዜና ማሰራጨትን ቢያንስ በ1 ዓመት እስራትና በ100,000 ድርሃም ይቀጣል፤ ከሌላ የመጣለትን መልሶ ያሰራጨም ተጠያቂ ነው። ስለዚህ የዲያስፖራ ሚዲያ አጥኚዎች ቀጣዩን ቃለ መጠይቃቸውን ከስቱዲዮ ወጥተው በዕረፍት ቀን ዴይራ ባሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ይጀምሩ።