ጌሾ ባሕር ተሻገረ፣ ቦርዴስ?

ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካሉት የሀበሻ ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ ብሎ ጌሾ መግዛት ዛሬ ማንንም አያስደንቅም። ቅጠሉም እንጨቱም በላስቲክ ታሽጎ ከበርበሬና ከሽሮው ጎን ተደርድሯል። ብቅሉም አለ። ጠላ በዚህ አገር ሥር የሰደደው ግን እንዲሁ አይደለም፤ ሕግ አለበት፣ ከሕጉ በላይ ደግሞ የሴቶች ድካም አለበት።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 አልኮል መጥመቅና መሸጥ ከልክላ ነበር። ክልከላው ሲነሣ በቤት ውስጥ ወይን ጠጅ መጣል ተፈቀደ፤ ቢራ መጥመቅ ግን ወንጀል እንደሆነ ቀረ። ሁለት አዋቂ ያለበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን፣ ወደ 757 ሊትር ማለት ነው፣ ለራሱ እንዲጠምቅ የሚፈቅደውን ሕግ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የፈረሙት በኦክቶበር 1978 ነው። በዚያው ዓመት ዋሽንግተን ውስጥ ማማ ደስታ የተባለው የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ተከፈተ። በ1980 የወጣው የስደተኞች ሕግ ደግሞ ከደርግ የሸሹትን በብዛት አስገባ። ስለዚህ ጠላ የሚችሉት ሴቶች እዚህ ሲደርሱ በቤት መጥመቅ የተፈቀደው በቅርቡ ነበር። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ስለ ጠላ ሰምተው እንኳ አያውቁም ይሆናል፤ የጠቀሙት ግን እኛንም ነው።

በማኅበራችን ያሉ ትልልቅ እናቶች የዚያን ዘመን ነገር ሲያጫውቱኝ መስማት እወዳለሁ። ጌሾው የሚመጣው ከአገር ቤት በሚመለስ ሰው ሻንጣ ነበር። ደረቆቱን ሲቆሉ የአፓርታማው የጭስ ማስጠንቀቂያ ይጮኻል፤ በወይራ ማጠንማ የማይታሰብ ነው። በጋን ፋንታ የፕላስቲክ በርሜል መጣ። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን አለበትና አፍልተው፣ አብርደው፣ አሳድረው ተጠቀሙ። ክረምት ላይ ጥንስሱ አልነሣ ሲል በብርድ ልብስ ጠቅልለው ማሞቂያው አጠገብ አስቀመጡት። ይህን ሁሉ ያስተማራቸው መጽሐፍ የለም። አንዷ ሞክራ የተሳካላትን ለሌላዋ በስልክ ትነግራት ነበር፤ በዚህ መንገድ ከዲሲ እስከ ዳላስ፣ ከዳላስ እስከ ሲያትል ጠላ ያልተጠመቀበት ፋሲካ ጠፋ። ግቢ ያለው ቤት የገዙት ደግሞ በኋላ እንደገና ወደ ማጠኑ ተመለሱ።

አሜሪካኖቹ ራሳቸው ያን ጊዜ ጥቂት ጠማቂ ነበር የቀራቸው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በመላ አገሪቱ ያሉት የቢራ ፋብሪካዎች ከመቶ አይበልጡም ነበር። ዋሽንግተን ውስጥ የሁሪክ ፋብሪካ በ1956 ከተዘጋ በኋላ ዲሲ ብራው በ2011 ቢራ ማሸግ እስኪጀምር ድረስ ከተማይቱ አሽጋ የምታወጣው የራሷ ቢራ አልነበራትም። ዛሬ በአገሪቱ ከ9,000 በላይ ጠማቂዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ትንንሾች፣ ብዙዎቹም በቤታቸው ማድ ቤት የጀመሩ። በእጅ ጥበብ የሚሠራውን ይህን ቢራ ክራፍት ይሉታል።

በ2012 በተጀመረውና በዋሽንግተን አደባባይ በመጸው በሚደረገው ስናሊጋስተር በተባለው የክራፍት ቢራ ፌስቲቫል ላይ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ተገኝቼ ነበር። ብዙ መቶ ዓይነት ቢራ በየድንኳኑ ይቀዳል። ትንሽ መቅመሻ ብርጭቆ ይሰጡሃል፤ ትዞራለህ። እኔን የያዘኝ ግን ሰሌዳው ነው። በእያንዳንዱ ቧንቧ አናት የጠማቂው ስም፣ የመጣበት ከተማ፣ የገባበት እህል፣ የአልኮሉ መጠን ተጽፏል። ሰው ቆሞ ያነባል፣ ይጠይቃል፤ ጠማቂው እጁን እየጠራረገ ስለ ብቅሉ ያብራራል። ረጅሙ ሰልፍ ያለው ደግሞ ጠርቶ ወርቅ በሚመስለው ቢራ ዘንድ አልነበረም። ደፍርሶ የሚታየው፣ ሲቀምሱት የሚኮመጥጠው ቢራ ጋ ነው ሕዝቡ የተሰለፈው።

ያን ኮምጣጣ ሳጣጥመው አፌ የሚያውቀው ጣዕም ነበር። የቀዳልኝ ወጣት ምክንያቱን ነገረኝ፤ ከእርሾው ጋር እርጎ የሚያረጉት ዓይነት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ይሠሩበታል። ጥንስስም ድፍድፍም ውስጥ ያሉት እነዚሁ ናቸው። እኛ አገር በሆፕስ ፋንታ ጌሾ እንደምንጠቀም ስነግረው ጌሾን ያውቃል! የዴላዌሩ ቢራ ጠማቂ ዶግፊሽ ሄድ በ2010፣ የጃዝ ሙዚቀኛው የማይልስ ዴቪስ ቢችስ ብሩ አልበም 40 ዓመት ሲሞላው፣ በአልበሙ ስም ያወጣው ጥቁር ቢራ በማርና በጌሾ ሥር ከተጠመቀ ቢራ ጋር የተቀላቀለ ነበር። ጌሾ ከእናቶቻችን በርሜል ወጥቶ በአሜሪካዊ ጠማቂ እጅ ገብቷል። እዚያው ቆሜ ኩራት ተሰማኝ፤ አሁንም ይሰማኛል።

ወደ ቤት ስመለስ ግን ያሰብኩት ስለ ደቡቡ የእህል መጠጥ፣ ስለ ቦርዴ ነበር።

ሀዋሳ ያደገ ሰው ቦርዴን ያውቀዋል። ፍቅር ሐይቅ ዳር ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ዓሣ ጠብሶ፣ የጠርሙስ ቢራ መጎንጨት የከተማይቱ መልክ ሆኗል፤ ቢራ ጠማቂው ቢጂአይም እዚያው ሀዋሳ ትልቅ ፋብሪካ አለው። ቦርዴ ግን ያለው ከገበያው ዳር፣ ከመናኸሪያው ጓሮ ነው፤ ተሸካሚው፣ ግንበኛው፣ ከገጠር እህል ይዞ የመጣው ገበሬ ከሚቀመጡበት። ወፍራም ነው፣ ደፍራሳ ነው፣ ሲቀዳ ገና እየፈላ ነው። ለብዙ ሰው ምሳ ነው። አራስም ጡቷ ወተት እንዲሞላ ትጠጣዋለች።

ቀላል ነገር የሚመስለው ላልሠራው ነው። ዶክተር ከበደ አበጋዝ፣ በዛሬው ሀዋሳ፣ ያኔ ደቡብ ይባል በነበረው ዩኒቨርሲቲ ሳሉ፣ ከኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት የደቡብ ሴቶች ቦርዴን እንዴት እንደሚሠሩ መዝግበውታል። ሥራው አራት ደረጃ አለው። የተከካው በቆሎ በውሃ ርሶ ይቦካል። ከፊሉ ተቆልቶ እንኩሮ ይሆንና ከብቅል ጋር ይጠነሰሳል፤ ከፊሉ በእንፋሎት በስሎ ይጨመርና ድፍድፍ ይሆናል፤ የቀረው ገንፎ ሆኖ ከተጨማሪ ብቅል ጋር ይገባል፤ ከዚያ ይጠለላል። አንዱን እህል በሦስት ዓይነት እሳት ማብሰል፣ ሰዓቱን በአፍንጫና በጣት ማወቅ፣ ያውም ቴርሞሜትር ሳይኖር! በፌስቲቫሉ ላይ ሰሌዳ የተሰጣቸው ጠማቂዎች ከዚህ የሚበልጥ ጥበብ የላቸውም። የቦርዴዋን ሴት ግን ስምሽ ማን ነው፣ በቆሎሽ ከየት ነው ብሎ የሚጠይቃት የለም። ይህ ያሳዝነኛል።

ጠላ ሲሻገር ቦርዴ የቀረበት ምክንያት ንቀት ብቻ አይደለም። ቦርዴ ጌሾ የለውም። ጌሾው ነው ጠላን ከብልሽት የሚጠብቀው፤ ቦርዴ ግን በተጠለለ በማግስቱ አሲዱ ይበረታና አይጠጣም። አይታሸግም፣ አይላክም፣ ለሠርግ ተብሎ ከሳምንት በፊት አይዘጋጅም። ፋብሪካ የማያውቀውም ለዚህ ነው። እናቴን በስልክ ስጠይቃት «ቦርዴ እኮ ጠጪው በር ላይ ቆሞ ነው የሚጠለለው ልጄ፤ አንቺ እዚያ ማን አለሽና?» አለችኝ።

ሰውስ አለኝ። የወላይታ ሴት አለች፣ የአርባ ምንጭ ልጅ አለች፣ ከይርጋለም የመጡ ባልና ሚስት አሉ። ቦርዴ መጓዝ የማይችል ከሆነ በሚጠጣበት ቦታ መሠራት አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ይህ አገር የተመቸ ነው። የተከካ በቆሎ ግሪትስ በሚል ስም በየሱፐርማርኬቱ በርካሽ ይገኛል፤ የአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ሰዎች ቁርስ ነው። የገብስ ብቅል ደግሞ ቢራ በቤታቸው ለሚጠምቁ ሰዎች ዕቃ የሚሸጠው ሱቅ በኪሎ ያቀርባል፤ ከእኛ ሱቅ ብቅል ይልቅ ለእኔ እሱ ፈጥኖ ያጣፍጠዋል። ሐሙስ እነክራለሁ፣ ዓርብና ቅዳሜ ደረጃውን እየተከተልኩ እጨምራለሁ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጠጪው ይመጣል። ያ የፌስቲቫሉ ባልደረባዬም አንድ ቀን መጥቶ ሁለት ብርጭቆ ጠጣና በቆሎውን በስንት ደረጃ እንዳበሰልኩት ጠይቆ ጻፈው።

የወላይታዋ ጓደኛዬ በሚቀጥለው በማሽላ እንሥራው ትላለች፤ ቀለሙም ጉልበቱም ይለያል ባይ ናት። የይርጋለሙ ሰውዬ ከገብስ ጋር መቀላቀል አለበት ይላሉ። ሦስቱንም በየተራ ልንሠራ፣ ከየማሰሮው አጠገብም የሠራችውን ሴት ስም፣ እህሉንና የተጠለለበትን ሰዓት ጽፈን ልናቆም ተስማምተናል። እኔ በበቆሎው እቀጥላለሁ፤ የእናቴ በበቆሎ ነውና የሷን ስም እጽፍበታለሁ።